ጥናት የሚጀምረው ደብተሩ ሲዘጋ ነው፦ ለዩኒቨርሲቲ ፈተና የማጥኛ መመሪያ

ከፈተና ክፍል የወጣ ተማሪ ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲል ይሰማል፦ «አንብቤዋለሁ እኮ! የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ፣ በምን ቀለም እንዳሰመርኩበት ሁሉ ይታየኛል፤ መልሱ ብቻ አልመጣልኝ አለ።» ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ሀንድአውቱን ከዳር እስከ ዳር ሦስትና አራት ጊዜ ዘልቆታል። የጎደለው አንድ ነገር ነው፦ ያነበበውን ሳያይ ለመናገር አንድም ቀን አልሞከረም። ፈተና ደግሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ደጋግሞ ማንበብ ያታልላል። ሦስተኛው ዙር ላይ ዓረፍተ ነገሩ ይለመዳል፤ ዓይን ሳይደናቀፍ ያልፋል፤ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ያሰኛል። የታወቀው ግን መልኩ ነው። መንገድ ላይ ያገኘነውን ሰው በመልክ እያወቅነው ስሙ ከአፋችን እንደሚጠፋ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህንን በተማሪዎች ላይ ፈትሸውታል። አንዱ ቡድን አንድ አጭር ጽሑፍ በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብቦ፣ በቀሩት ሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን በወረቀት ላይ አሰፈረ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፦ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ያነበቡት 40 በመቶ ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ አስታወሱ። የፈተና ክፍል በር ላይ ቆሞ ሀንድአውት ማገላበጥ የሚጠቅም የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ለዚያች አምስት ደቂቃ በእርግጥም ይጠቅማል። ችግሩ ፋይናል ከአምስት ደቂቃ በላይ መራቁ ነው።

ለነገሩ ይህ ለአገራችን ሰው አዲስ ግኝት ሊሆን ባልተገባ ነበር። የቆሎ ተማሪ ውዳሴ ማርያምን የሚይዘው መጽሐፍ ላይ አፍጥጦ ሳይሆን፣ ከመምህሩ ወይም ከእሱ ከቀደመ ተማሪ አፍ የተቀበለውን በቃሉ እየደጋገመ ነው፤ ሳይዝ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ቁርኣን የሚሐፍዝ ደረሳም አዲሱን ክፍል በቃሉ አሰምቶ በዚያው አይተወውም፤ የቀደመውን ሙራጀዓ፣ ማለትም ክለሳ፣ እያደረገ ነው የሚዘልቀው። በሁለቱም ዘንድ ያልተሰማ ትምህርት እንደተያዘ አይቆጠርም፤ የቆየውም በየጊዜው ይከለሳል። እኛ ካምፓስ ስንገባ ሽምደዳውን ይዘን ዘዴውን ጣልነው።

ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ለማንኛውም ትምህርት ክፍል ይሠራል። ምሳሌዎቹን የወሰድኩት ግን አብዛኛው ተማሪ ከሚያውቃቸው የፍሬሽማን ኮርሶች፣ ከጂኦግራፊና ከሳይኮሎጂ ነው።

ደረጃ 1፦ የሚጠናውን ለዩ

በመጀመሪያው ሳምንት የሚሰጣችሁን ኮርስ አውትላይን አትጣሉት። ምዕራፎቹን በአንድ ወረቀት ላይ ዘርዝሩና ከየአንዳንዳቸው ጎን ስንት ክፍለ ጊዜ እንደተማራችሁባቸውና ጥያቄው በምን መልክ እንደሚመጣ ጻፉ። የጥያቄው መልክ የጥናቱን መልክ ይወስናል፦ ምርጫና አዛምድ የሚያወጣ መምህር ተመሳሳይ ነገሮችን እንድትለዩ ይፈልጋል፤ «አብራራ» የሚል መምህር ከምክንያት ወደ ውጤት የሚሄድ ሙሉ ሐሳብ ይፈልጋል። በምዕራፍ ሁለት ላይ ሦስት ሳምንት የቆየ፣ ምዕራፍ ስድስትን በአንድ ሰዓት ያለፈ መምህር የት ላይ እንደሚጠይቅ መገመት አያስቸግርም።

ከሲኒየሮች የሚገኝ የድሮ ፈተናም ጥሩ ነው፤ አጠቃቀሙ ላይ ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ። ጥያቄውን ከነመልሱ ሸምድዶ መግባት ቁማር ነው። በየዶርሙ የሚዞረውን መልስ የሠራውም እንደ እናንተው ያለ ተማሪ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ስሕተት አይጠፋውም። የድሮውን ፈተና ምዕራፉን አጥንታችሁ እስክትጨርሱ አስቀምጡት፤ ከዚያ ሰዓት ይዛችሁ እንደ እውነተኛ ፈተና ሥሩት።

ደረጃ 2፦ ሀንድአውቱን ወደ ጥያቄ ለውጡት

የተማራችሁትን በዚያው ቀን ማታ፣ ቢዘገይ በማግስቱ ክፈቱት። እያንዳንዱን ንዑስ ርእስ ጥያቄ አድርጋችሁ በኅዳጉ ላይ ጻፉ። «የማስታወስ ዓይነቶች» የሚለው ርእስ «ስንት ዓይነት ማስታወስ አለ? አንዱ ከሌላው በምን ይለያል? ለየአንዳንዱ ምሳሌ?» ይሆናል። መልሱን አትጻፉ፤ ገጹ ላይ አለ። ኅዳጉ የሚያስፈልገው በኋላ ጽሑፉን በወረቀት ሸፍናችሁ ራሳችሁን ለመጠየቅ ነው።

ማርከር የሚወድ ሰው ይቅር ይበለኝና፣ ማስመር ብቻውን ጥናት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ጆን ደንሎስኪና ባልደረቦቹ አሥር የተለመዱ የማጥኛ ዘዴዎችን እስከዚያ ከተሠሩት ምርምሮች ጋር ሲያመዛዝኑ፣ ማስመርን፣ ደጋግሞ ማንበብንና አሳጥሮ መጻፍን ጥቅማቸው ዝቅተኛ ከሆነው ተራ አስቀመጧቸው። ከፍተኛውን ደረጃ ያገኙት ሁለት ብቻ ናቸው፦ ራስን መፈተንና ጥናትን በጊዜ ማራራቅ። የጎበዝ ተማሪ ሾርት ኖት ፎቶ ኮፒ አድርጎ ማንበብም ከዚሁ የሚቆጠር ነው። ሾርት ኖቱ ከሁሉ በላይ የጠቀመው የጻፈውን ልጅ ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋው ነገር ሊነሳ ይገባል። ሀንድአውቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፤ አብዛኞቻችን ግን የምናስበው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ የአፍ መፍቻ ቋንቋችን ነው። ብዙ ተማሪ ሳይገባው የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር እንደ ጸሎት ይሸመድደዋል፤ መምህሩ ጥያቄውን በሌሎች ቃላት ያወጣው እንደሆነ ግን አይለየውም። ስለዚህ ሥራውን ሁለት ቦታ ክፈሉት። መጀመሪያ ሐሳቡን በቤታችሁ ቋንቋ፣ ትምህርቱን ለማያውቅ ታናሽ ወንድም እንደምታስረዱ አድርጋችሁ ተናገሩት። የት ላይ እንደምትንተባተቡ ልብ በሉ፤ ያልገባችሁ እዚያ ላይ ነው። ሐሳቡ ከጠራ በኋላ መልሱን በእንግሊዝኛ፣ በሁለትና ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ በጽሑፍ ተለማመዱ። በአማርኛ ገብቶት በእንግሊዝኛ ጽፎ የማያውቅ ተማሪ ፈተና ላይ ቃል ሲፈልግ ሰዓቱ ያልቃል።

ደረጃ 3፦ ደብተሩን ዝጉ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይህን አትዝለሉ።

ከ20 እስከ 25 ደቂቃ በሚሆን ጊዜ አንድ ክፍል አንብቡ። ዝጉት። ባዶ ወረቀት አውጡና ያስታወሳችሁትን ሁሉ፣ ቅደም ተከተሉ ቢዛነፍም፣ ጻፉ። አልመጣም ሲል ቶሎ አትክፈቱ፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ታገሉ። ያ ትግል የሚያበሳጭ ነው፤ ጥናቱ እየሠራ ያለው ግን ያኔ ነው። ከዚያ ክፈቱና የጎደለውንና የተሳሳተውን በሌላ ቀለም አርሙ። ሁለተኛ የምታነቡት ሁሉንም ሳይሆን በሌላው ቀለም የተጻፈውን ብቻ ነው። ዕረፍት ወስዳችሁ፣ ሌላ ትምህርት ነካክታችሁ ስትመለሱ በአዲስ ወረቀት እንደገና ሞክሩ።

በምሳሌ እንየው። የጂኦግራፊ ኮርስ የኢትዮጵያን 12 ተፋሰሶች ያስተምራል። ተማሪው ዝርዝሩን አንብቦ ዘጋው፤ ሲጽፍ አባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ፣ ባሮ-አኮቦ፣ ኦሞ-ጊቤ፣ ዋቢ ሸበሌ መጡለት። ስድስት ቀሩት። ሲከፍተው መረብ፣ ገናሌ-ዳዋ፣ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ አፋር-ደናክል፣ አይሻና ኦጋዴን ናቸው። አሁን አንድ ነገር ይገለጥለታል፦ የያዛቸው ከዜናና ከዘፈን የሚያውቃቸውን ወንዞች ነው፤ ያመለጡት ብዙ የማይወሩት ናቸው። ዝርዝሩን አሥር ጊዜ ቢያነበው ይህንን ባላወቀ። ቀጥሎ ጊዜውን የሚሰጠው ለስድስቱ ነው።

ወረቀት ከሌለ በአፍም ይሆናል። ከካፌ ወደ ክፍል ስትሄዱ ትናንት ያጠናችሁትን ለራሳችሁ ተናገሩ። ሰው ብቻውን ሲያወራ ያየ ምን ይላል የምትሉ ከሆነ ስልክ ጆሯችሁ ላይ አድርጉ።

ደረጃ 4፦ ብዙውን ጥቂት አድርጉ

ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ሰው በአንድ ጊዜ አእምሮው ላይ ማቆየት የሚችለው ሰባት ገደማ ነገር እንደሆነ ጻፈ፤ ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ቁጥሩን ወደ አራት አውርደውታል። ስለዚህ 12 ነገር በአንድ ተርታ ለመያዝ መሞከር ራስን ማድከም ነው። መፍትሔው መቧደን ነው፤ ቡድኑ ምክንያት ካለው ደግሞ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ተፋሰሶቹን ውሃቸው በሚሄድበት እንቧድናቸው። በምዕራብ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ፦ መረብ፣ ተከዜ፣ አባይ፣ ባሮ-አኮቦ። ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚወርዱ፦ አዋሽ፣ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ ኦሞ-ጊቤ። ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ሶማሊያ፦ ዋቢ ሸበሌና ገናሌ-ዳዋ። ይህ ነው የሚባል ወንዝ የማይወጣባቸው ደረቆቹ፦ አፋር-ደናክል፣ አይሻ፣ ኦጋዴን። አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ድምሩ 12። አሁን የሚያዘው የአራት ቡድኖች ስም ነው፤ የቀረውን ካርታው ራሱ ይስበዋል። ካርታውን በእጃችሁ፣ ሳታዩ፣ ቢንጋደድም ሣሉት።

ከዚያ «ለምን?» በሉ። በቆዳ ስፋት የሚበልጠው የዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ ሆኖ ሳለ በውሃ መጠን አባይ የሚበልጠው ለምንድን ነው? ዋቢ ሸበሌ አብዛኛውን መንገዱን የሚሄደው ዝናብ በሚያጥረው ቆላ ሲሆን፣ አባይ ግን ክረምት የሚበረታበትን ደጋ ይዞ ነው። ምክንያቱን የያዘ ተማሪ የትኛው በስፋት፣ የትኛው በውሃ እንደሚበልጥ አይምታታበትም። ምርጫ ጥያቄ ደግሞ የሚወጣው ከዚሁ ነው።

ምክንያት የሌለው ዝርዝር ሲያጋጥም ብቻ ወደ ፊደል ጨዋታ ሂዱ። ከታች ወደ ላይ ያሉት የአየር ንብረት ቀጠናዎች በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ናቸው። የመጀመሪያ ፊደሎቻቸው በ-ቆ-ወ-ደ-ው ይሆናሉ፤ «በቆ ወደው» ብላችሁ አንብቡት። በቆ ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ አይረሳም ግን። የሚለያዩበትን ከፍታ፣ 500፣ 1500፣ 2300 እና 3200 ሜትርን፣ በአምስቱ ቃላት መካከል አስገቡ። ቁጥሮቹ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ጥቂት ስለሚለያዩ መምህራችሁ የሰጠውን ያዙ።

ሌላው መንገድ ቦታ ነው። ጥንታዊ ግሪኮችና ሮማውያን ተናጋሪዎች ረጅም ንግግር የሚይዙት የሚያውቁትን ቤት በሐሳባቸው እየዞሩ፣ በየክፍሉ አንድ አንድ ነገር እያስቀመጡ ነበር። እናንተ ደግሞ ካምፓሱ አላችሁ። የአብርሃም ማስሎውን አምስት የፍላጎት ደረጃዎች በዚህ መንገድ ያዙ። ካፌ ጀምሩ፤ ሽሮው የሰውነት መሠረታዊ ፍላጎት ነው። ከዚያ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ፤ ደኅንነት። ዶርም፤ ጓደኞች ያሉበት፣ ፍቅርና ወዳጅነት። ውጤት የሚለጠፍበት ኖቲስ ቦርድ፤ ክብር፣ ወይም ክብር ማጣት። በመጨረሻ የምረቃው አዳራሽ፤ ራስን እውን ማድረግ። አንድ ጊዜ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከካፌ እስከ አዳራሽ ሂዱ፤ ከዚያ ከአዳራሹ ወደ ካፌ ተመለሱ። ይህ ዘዴ ለዝርዝር ነው እንጂ ለማስረዳት አይሆንም። ማስሎው ደረጃዎቹን ለምን በዚህ ተራ እንዳስቀመጣቸው ካፌውም ጥበቃውም አይነግራችሁም።

ደረጃ 5፦ አራርቁት

ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላትን በራሱ ላይ እየሞከረ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ መርሳት የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንደሆነ፣ ከዚያ እንደሚቀዘቅዝ አሳየ። ትርጉም ያለው ትምህርት በዚያ ፍጥነት አይጠፋም፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው። ስለዚህ አንድን ምዕራፍ በአንድ ቀን አምስት ሰዓት ከመያዝ፣ ያንኑ አምስት ሰዓት በአምስት የተለያዩ ቀናት መከፋፈል ይበልጣል። ተጨማሪ ሰዓት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቀደም ብሎ መጀመርን ነው። ፈተናው በራቀ መጠን በክለሳዎቹ መካከል ያለውም ክፍተት ሊሰፋ ይችላል፦ ለሳምንት ያህል ለሚፈለግ ነገር በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ፣ ለወራት ለሚፈለግ በየሳምንቱና በየሁለት ሳምንቱ።

ይህን ያለ ብዙ ሐሳብ የሚያስኬድ ቀላል መሣሪያ አለ፤ ጀርመናዊው ሰባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቀው የካርድ ሣጥን። አንድ ኤ-ፎር ወረቀት ስምንት ቦታ ቁረጡ። በአንዱ ገጽ ጥያቄ፣ በጀርባው መልስ ጻፉ፤ በአንድ ካርድ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ሦስት ፖስታ አዘጋጁ። አዲስ ካርድ ሁሉ አንደኛው ፖስታ ውስጥ ይገባል፤ እሱ በየቀኑ ይታያል። በትክክል የመለሳችሁት ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ እሱን በየሦስት ቀኑ እዩት። እዚያም ከመለሳችሁት ወደ ሦስተኛው፤ እሱ በየሳምንቱ። የትኛውም ፖስታ ውስጥ ያለ ካርድ ከተሳሳታችሁበት ወደ አንደኛው ይመለሳል። ምሕረት የለውም። በዚህ ዓይነት ጊዜያችሁ የሚሄደው ወደሚያስቸግራችሁ ነገር ነው፤ ሰው በተፈጥሮው ግን የሚያውቀውን እየደጋገመ መደሰት ይወዳል።

ካርዱን ጮክ ብላችሁ ወይም በጽሑፍ ሳትመልሱ አትገልብጡት። «አዎ አዎ፣ አውቀዋለሁ» ብሎ መገልበጥ ወደ ማንበብ መመለስ ነው።

ስልክ የሚቀናቸው አንኪ የተባለውን መተግበሪያ ይጠቀሙ። ክፍተቱን እሱ ራሱ ያሰላል፤ በአንድሮይድ ስልክ ነጻ ነው፤ አንዴ ከወረደ ያለ ዳታ ይሠራል። የእኔ ምክር ግን ወረቀት ነው፤ ካርድ ልትከልሱበት ያነሳችሁት ስልክ ቴሌግራምም እንዳለበት አትርሱ።

ስሌት ያለበት ኮርስ

ማትስ፣ ፊዚክስ፣ አካውንቲንግ፣ ስታትስቲክስ በንባብ አይያዙም። የተሠራ ምሳሌ አይቶ «ገባኝ» ማለት ከሁሉ የከፋው ማታለያ ነው። ምሳሌውን ሸፍናችሁ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራችሁ ሥሩት፤ የተያዛችሁበት መስመር ላይ ብቻ ግለጡ፤ መልሳችሁ ሸፍኑ።

ሁለተኛው ነገር መቀላቀል ነው። ወርክሺት ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ አሥር ጊዜ ይሰጣል፤ ሦስተኛው ላይ እጅ ብቻ ይሠራል። ዳግ ሮረርና ኬሊ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ሙከራ ተማሪዎች የአራት ዓይነት ቅርጾችን ይዘት ማስላት ተማሩ። አንድ ዓይነቱን ጨርሰው ወደ ሌላው ያለፉት በልምምዱ ወቅት 89 በመቶ አገኙ፤ ጥያቄው ተቀላቅሎ የቀረበላቸው 60 በመቶ ብቻ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን የቀላቀሉት 63፣ ያልቀላቀሉት 20 በመቶ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፈተና ላይ «ይህ የእንዲህ ያለ ቀመር ጥያቄ ነው» ብሎ የሚነግር የለም፤ ቀመሩን መምረጥ ራሱ የፈተናው ግማሽ ነው። እናንተም ከምዕራፍ አንድ፣ ሦስትና አራት ጥያቄዎችን በየወረቀቱ ገልብጣችሁ፣ ቀላቅላችሁ፣ በዕጣ እያነሳችሁ ሥሩ። ብዙ ትሳሳታላችሁ። ተስፋ እንዳትቆርጡ፤ ልምምዱ ላይ የሚታየው ውጤት ፈተናው ላይ ከሚመጣው ጋር አንድ አይደለም።

አብሮ ማጥናት

ስድስት ሆኖ አንድ ሀንድአውት ላይ መሰብሰብ ብዙ ጊዜ ወደ ወሬ ነው የሚሄደው። ሁለት ወይም ሦስት ሁኑ፤ ቀድማችሁ ብቻችሁን አጥኑ፤ የምትገናኙት ለመጠያየቅ ብቻ ይሁን። አንዱ ደብተሩን ይዞ ይጠይቃል፤ ሌላው ባዶ እጁን ይመልሳል፤ በየአሥር ደቂቃው ተቀያየሩ። ከቡድኑ ሁልጊዜ የሚያስረዳው ያው ጎበዙ ልጅ ከሆነ የሚያጠናው እሱ ብቻ ነው። አስረጂነቱን ለደካማው ስጡት፤ ጎበዙ ያርመው።

ሌሊትና እንቅልፍ

በፈተና ሰሞን ሌሊቱን ሙሉ መቸከል ጀግንነት ይመስላል። ነገር ግን ቀን ያጠናነው ነገር የሚረጋው ስንተኛ ነው፤ ሌሊቱን ያልተኛ ሰው በማግስቱ አዲስ ነገር የመያዝ አቅሙም ይቀንሳል። ከአራት ሰዓት የሌሊት ንባብ ያን ያህል እንቅልፍ የሚሻልበት ጊዜ ይበዛል፤ በተለይ ጠዋት የሚፈተኑት ማሰብ የሚጠይቅ ኮርስ ከሆነ። ቡና ከጠጣችሁ ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ቆይቶም ከካፊኑ ግማሹ ደማችሁ ውስጥ እንዳለ አስቡ፤ የማታ ሁለት ሰዓት ቡና የሌሊት ሰባት ሰዓት እንቅልፍ ይነካል። ጫት ይዞ የሚያጠናም አለ። ንባቡ በምርቃና ሲሮጥ ደስ ይላል፤ ብዙ ገጽም ይገለበጣል፤ ጠዋት ደብተሩን ዘግታችሁ ምን እንደቀረ በባዶ ወረቀት ላይ ብትፈትሹት መልሱን ታገኙታላችሁ።

ዶርም ውስጥ መብራት ሲጠፋ ወይም ጩኸት ሲበዛ ካርዶቹንና በቃል ልታሰሙት የምትችሉትን ያንጊዜ አውጡ። ጨለማ ለንባብ እንጂ ለማስታወስ እንቅፋት አይደለም።

ሁለት ቀን ብቻ ከቀረ

ይህንን የምታነቡት ፈተናው ከነገ ወዲያ ሆኖ ከሆነ፣ ሁሉንም ለመሸፈን አትሞክሩ። አውትላይኑን አውጡና ብዙ ክፍለ ጊዜ የወሰዱትን ሦስት ወይም አራት ርእሶች ምረጡ። ለእያንዳንዱ የድሮ ጥያቄ ካለ በጥያቄው ጀምሩ፤ ሳታጠኑ መልሱት፤ የተሳሳታችሁበትን ብቻ ሀንድአውቱ ላይ ፈልጋችሁ አንብቡ። ዝጉና እንደገና መልሱ። ይህንን በመጀመሪያው ቀን ጠዋትና ማታ፣ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ድገሙት። የቀሩትን ምዕራፎች ርእሶቻቸውንና ትርጓሜዎቻቸውን ብቻ እያያችሁ እለፏቸው። በሁለተኛው ቀን ማታ አዲስ ነገር አትጀምሩ።

ፈተና ክፍል ውስጥ

ወረቀቱ እንደደረሳችሁ፣ ከተፈቀደ፣ የሚምታቱባችሁን ቀመሮችና ዝርዝሮች ጥግ ላይ ጻፏቸው። ከሚቀላችሁ ጀምሩ። በምርጫ ጥያቄ ላይ አማራጮቹን በእጃችሁ ሸፍናችሁ መጀመሪያ መልሱን ራሳችሁ አስቡ፤ አሳሳች አማራጭ የሚይዘው ያላሰበውን ነው። «የመጀመሪያ ግምት አይቀየርም» የሚባለውን አትመኑ። በዚህ ላይ የተሠሩ ጥናቶች የሚያሳዩት መልስ ሲቀየር ከትክክል ወደ ስሕተት ይልቅ ከስሕተት ወደ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ እንደሚበዛ ነው። ምክንያት ካገኛችሁ ቀይሩ።

ለመውጫ ፈተና

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት። እዚህ ላይ የአንድ ሴሚስተር ዘዴ አይበቃም፤ የሚጠየቀው በሁለተኛና በሦስተኛ ዓመት የወሰዳችሁትና ስሙ እንኳ የጠፋችሁ ኮርስ ነው። ከንባብ አትጀምሩ። ትምህርት ክፍላችሁ ያወጣውን የኮርሶችና የብቃቶች ዝርዝር ይዛችሁ መጀመሪያ አንድ ሞዴል ፈተና ሳታጠኑ ሥሩ፤ ውጤቱ ያሳፍር ይሆናል፤ የትኛው ኮርስ ሙሉ በሙሉ እንደጠፋና የትኛው አቧራ ብቻ እንደሚራገፍለት የሚያሳያችሁ ግን እሱ ነው። ከዚያ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ኮርስ እያቀላቀላችሁ ሂዱ፤ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ የመጀመሪያውን ለሁለተኛ ጊዜ ማስረሳት ነው። በየኮርሱ የተሳሳታችሁበት ጥያቄ ሁሉ ካርድ ይሁን። ፈተናው የሚሰጠው በኮምፒውተር ስለሆነ ቢያንስ የመጨረሻዎቹን ሁለትና ሦስት ሞዴሎች በስክሪን ላይ፣ በተመደበው ሰዓት፣ ወረቀት ላይ ሳታሰምሩ ሥሯቸው፤ ረጅም ጥያቄ ከስክሪን ማንበብ ያልለመደ ዓይን ቶሎ ይደክማል።